ሚሞሪው የት ገባ?

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ከሰባት ሺህ ስምንት መቶ ውስጥ የቀራችሁ መቶ ዘጠና ሁለት ብቻ ነው ቢሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ? እኔ አልተቀመጥኩም። ባለመቀመጤም ይኸው ከኦስትሃፈን እስከ ሪደርቫልድ ስሜ እየተነሣ ነው። ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም። እሺ፣ በከፊል የኔ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ያንን ሪፖርት የፈጠረው ሰውዬ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ባገኘው ግን የምለው አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ኦስትሃፈን ወደብ አጠገብ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን ጀርባ በኪራይ የያዝነው አዳራሽ አለ። እሑድ እሑድ የምናመልከው እዚያ ነው። እኔ በሥራ ቀን ከዚያ ሁለት ፌርማታ ርቆ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እሑድ ደግሞ «የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ» እባላለሁ። ክፍሉም እኔ ነኝ፣ ኃላፊውም እኔ ነኝ። የተሾምኩት አንድ ጊዜ የፓስተሩ ማይክሮፎን ሲጠፋ ባትሪውን ስለቀየርኩ ነው። በኛ ማኅበረሰብ ባትሪ የቀየረ ሰው ኢንጂነር ነው፤ እምቢ ብዬ ብከራከር ደግሞ ትሕትና ነው ይሉኛል።

የመዝሙር ግጥም በግድግዳው ላይ የምናሳይበትና አምልኮውን በቀጥታ የምናስተላልፍበት ኮምፒውተር ከጎረቤቴ ከጋሽ ታደሰ የተሰጠን ነው። ጋሽ ታደሰ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሳቸው «አሁንም ትጮኻላችሁ?» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ «አሁንም እንደቆማችሁ ነው?» እላቸዋለሁ፣ ተሳስቀን እንተላለፋለን። ኮምፒውተሩን ሲሰጡን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ጭነው፣ እሱንም በጀርመንኛ አድርገው ነው። «አንደኛ በነፃ ነው፤ ሁለተኛ ቶሎ አይበላሽም፤ ሦስተኛ አትነካካው» አሉኝ። ሁለቱን በደንብ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያሳዝነው በእሳቸው ነውና። እትዬ አስካለ የዳሌ አጥንት ቀዶ ጥገና አድርገው ሪደርቫልድ ባለው ቤታቸው ከተኙ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወርዱ ከልክሏቸዋል። ልጃቸው ራሔል በዚህ መሃል ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ እሑድ በጉባኤው ፊት ቀርባ ልትባረክ፣ ስሟም ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነገር ተወሰነ። ራሔል ስሙን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷም ጭምር። እትዬ አስካለ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ስም የሚሰሙት በኔ ኮምፒውተር በኩል ነው ማለት ነው።

«እርስዎ አይሥጉ» አልኳቸው በስልክ። «እትዬ፣ ፊት ወንበር ከተቀመጡት ቀድመው ይሰማሉ።» እንደዚህ ያለ ነገር በምን ዓይነት ማሽን እንደሚቻል አትጠይቁኝ። ቃል ስገባ እንዲህ ነኝ።

ችግሩ ባለፈው እሑድ ሥርጭቱ ሁለት ጊዜ ተንተባትቦ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሌሎቹ አዳራሹን ሲጠርጉ፣ እኔ ምርመራ ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ «ምስል ሲንተባተብ መጀመሪያ ሚሞሪውን እዩ» የሚል አገኘሁ። የተባልኩትን ትእዛዝ ጻፍኩ። ማሽኑም ሪፖርቱን ዘረገፈልኝ።

የመጀመሪያው ዓምድ «ገዛምት» ይላል፣ ጠቅላላው ማለት ነው፤ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሜጋ፣ ስምንት ጊጋ ገደማ። ጥሩ። ቀጥሎ ሥራ ላይ የዋለው፣ ሁለት ሺህ የማይሞላ። ይሁን። ቀጥሎ «ፍራይ» ይላል። ፍራይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። ትራም ውስጥ ከአንድ ሰው አጠገብ ከመቀመጣችን በፊት የምንጠይቃት፣ ቤት ስንፈልግ ደግሞ ለዓመታት የማናገኛት ቃል ናት፤ ባዶ፣ ያልተያዘ። ፍራይ፦ መቶ ዘጠና ሁለት!

ከዚያ ወዲያ ደግሞ «ካሽ» የሚባል ወደ ስድስት ሺህ ገደማ የዋጠ ነገር አለ። ማን እንደሆነ፣ በማን ፈቃድ እንደገባ አልተጻፈም። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ማጽናኛ፣ «ፈርፉግባር» የሚል ዓምድ አለ፤ ሊገኝ የሚችል እንደማለት ነው። አምስት ሺህ ስድስት መቶ ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ባዶው መቶ ዘጠና ሁለት ነው ይልና፣ እዚያው ጎኑ ልታገኝ የምትችለው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው ይላል። ይህ ሪፖርት ነው ወይስ ፌዝ? እኔ ለመጋዘን አለቃዬ «ባዶ መደርደሪያ የለም፣ ግን ብዙ ቦታ አለ» ብዬ ሪፖርት ባቀርብ በዚያው ቀን ፎርክሊፍቱን ያስረክበኛል። በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲመጣልኝ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሁለት ቁጥር ካየሁ የሚጎዳኝን ነው የማምነው። እስካሁን አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

በዚህ ብቻ ብተው ጥሩ ነበር። አልተውኩም። የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከፈትኩና ከላይ ወደ ታች ማየት ጀመርኩ። ከላይ የተቀመጠው፣ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ሠላሳ ሦስት ጊጋ ይላል። ሠላሳ ሦስት! ማሽኑ ያለው በጠቅላላው ስምንት ነው። ይህ ሰውዬ የቀረውን ሃያ አምስት ከየት አምጥቶ በላው? ወዲያው ወደ ጋሽ ታደሰ ደወልኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንደምን ዋሉ? ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ጨርሷል።»

«ማን አለ?»

«ራሱ! ፍራይ መቶ ዘጠና ሁለት ይላል።»

«ፈርፉግባሩስ?»

«እሱን ይተዉት፣ እሱ ተስፋ ነው።»

«ተስፋ አይደለም፣ ዋናው እሱ ነው። ፍራዩን እርሳው። ይልቅ ኔትስቬርክካቤሉን አይተኸዋል?»

«ምን ገመድ አመጣው አሁን? ሠላሳ ሦስት ጊጋ የሚበላ አለ እኮ! ከስምንት ላይ! ለመሆኑ ምን አስገብተውበት ነው የሰጡን?»

ይህቺ ቃል ገና ከአፌ ሳትወጣ ጸጽታኛለች፤ ግን ወጣች።

«ነገ ከቅዳሴ ስወጣ ብቅ እላለሁ» አሉኝ። «እስከዚያ እባክህ እጅህን ሰብስብ።»

እጅህን ሰብስብ! የቴክኒክ ክፍል ኃላፊን! ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ወንድም ዳንኤል ሄድኩ። ወንድም ዳንኤል አውቶቡስ ነጂ ነው፣ የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። እኛ ሰዎች ደግሞ ሦስት ሆነን ከቆምን ኮሚቴ ነን። መጥረጊያውን አስቀምጠን፣ ሲጠርግ የነበረ ሌላ የኮሚቴ አባል ጨምረን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። ሁኔታውን አብራራሁ። ወንድም ዳንኤል በጽሞና አዳመጠና «ስድስት ሺውን የያዘው ካሽ የሚባለው አባል ነው?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም አልኩት። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። «የጎደለው ሚሞሪ የት እንደገባ ተጣርቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ፤ እስከዚያው የቴክኒክ ክፍሉ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ» ይላል። ሦስታችንም ፈረምን። እንግዲህ የወሰድኩት እርምጃ ሁሉ በፊርማ ነው፣ ይህ ይታወቅልኝ።

እሑድ በጠዋት ገባሁ። እዚህ ላይ ስለ አዳራሻችን ወንበሮች አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም፤ ሌላው የቁጣዬ ምንጭ እሱ ነው። አምልኮው ሲጀመር አርባ ሰው እንኳ አይመጣም። ግን አንድም ባዶ ወንበር አታገኙም። ቀድማ የመጣች እኅት በአንዱ ትቀመጣለች፣ በቀኝ ባለው ላይ ኮቷን፣ በግራ ባለው ላይ ሻርፗን፣ ከፊቷ ባለው ላይ የዳይፐር ቦርሳ ታደርጋለች። ለማን ነው ቢሏት «ይመጣሉ» ነው መልሷ። ማን እንደሚመጣ እሷም አታውቅም። ይህንን ወንበር በኮት የመያዝ ልማድ እንዲቆም ሦስት ጊዜ በማይክሮፎን አስታውቄያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አሜን ብለውኛል።

አምልኮው ተጀመረ፣ ሥርጭቱም ተጀመረ። እትዬ አስካለ እያዩ መሆናቸውን ስልኬ ላይ በላኩልኝ የእጅ ምልክት አረጋገጥኩ። ሪፖርቱን አየሁ፤ ፍራይ ሁለት መቶ አሥር። ኢንተርኔት ላይ ያንን ካሽ የሚባለውን ጠራርጎ የሚያስወጣ ትእዛዝ አግኝቼ ስለነበር ጻፍኩት። ምን ልበላችሁ! ፍራዩ ዘሎ ከአምስት ሺህ በላይ ወጣ። ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ አጠገቤ በነበሩ!

ደስታዬ አሥር ደቂቃ አልቆየም። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አራት ሺህ፣ ሦስት ሺህ። እንደገና ጠረግሁ። እንደገና ወረደ። እንደገና ጠረግሁ። በዚህ መሃል መዝሙሩ ግድግዳው ላይ መዘግየት አመጣ። መዘምራኑ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደርሰው ግድግዳው ገና አንደኛው ላይ ነው። ሕዝቡ ግማሹ ግድግዳውን፣ ግማሹ መዘምራኑን እየተከተለ ሁለት መዝሙር በአንድ ጊዜ ይዘመር ጀመር። ፓስተሩ ዞር ብለው ወደኔ አዩ። እኔም ይህ ሁሉ ያ ካሽ የሚባለው ሌባ ሥራ ነው ብዬ በንዴት አከታትዬ ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ግጥሙ ጭራሽ ቆመ ማለት ይቻላል።

በዚህ መሃል ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን እንደለበሱ በር ላይ ብቅ አሉ። አየኋቸውና አንገቴን ደፋሁ። መቀመጫ ቢፈልጉ የለም፤ ሁሉም ወንበር በኮት ተይዟል። አንድ ሁለት እኅቶች ብድግ አሉ፣ አንዱን ኮት አነሡ፣ ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ። እኔም ወደ ቁጥሬ ተመለስኩ።

ራሔልና ባሏ ሕፃኗን ይዘው ወደፊት ሲወጡ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ፍራይ፦ ሦስት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ፓስተሩ ሕፃኗን ተቀበሉ። መቶ ዘጠና ሁለት! አሁን ይሰጥማል አልኩ። እትዬ አስካለ ስሙን ሳይሰሙ ማሽኑ ቆሞ ሊቀር ነው። ወሰንኩ። ያንን ሠላሳ ሦስት ጊጋ የበላውን መረጥኩ፣ «ግደል» የሚለውን ተጫንኩ። ወዲያው ጠፋ። ፍራዩ ከፍ አለ። ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ከፊቴ የተቀመጡት ወንድም መንፈስ የነካኝ መስሏቸው «አሜን» አሉ።

ሥርጭቱ የሚወጣው በዚያ በገደልኩት ፕሮግራም በኩል እንደነበር ያወቅሁት ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።

«ልጄ፣ ጠቆረብኝ እኮ» አሉ እትዬ አስካለ። «እልልታውን ሰማሁ፣ ከዚያ ጠቆረ። ስሟን ማን አሏት?»

ቀና ብዬ ወደ መድረኩ አየሁ። ሕፃኗ ወደ እናቷ እቅፍ ተመልሳለች። ሰዉ ያጨበጭባል። ስሙ ተነግሯል። እኔ ከመድረኩ አሥር እርምጃ ርቄ ተቀምጬ ስሙን አልሰማሁትም። ፍራዩን ብትጠይቁኝ እስከ መጨረሻው ቁጥር እነግራችሁ ነበር።

«እትዬ... ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ ዘጋሁ። ሥርጭቱን መልሼ ልክፈት ብል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የይለፍ ቃላችንን ደግሞ መተማመን እንዲኖር ተብሎ ሦስት የኮሚቴ አባላት ከፋፍለን ነው የያዝነው። ወንድም ዳንኤል መካከለኛውን ቁራጭ ይዞ የአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነበር። ሦስቱን ቁራጭ እስካገጣጥም ሕዝቡ ወደ ሻይ ወጥቷል።

ራሔል ልጇን እንደታቀፈች መጣችብኝ። «እማዬ ደውላልኛለች» አለች። «አልሰማሁም ነው የምትለኝ። ለምን አልነገርካትም?»

«እኔም... አልሰማሁም።»

«የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በስልክ አልነግራትም» አለች። «ማንም እንዳይነግራት። ይዣት እሄዳለሁ።» ከዚህ በኋላ እኔ ስሙን ማንን ልጠይቅ? በየት ፊቴ?

እንደ ተቀጣ ተማሪ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ሳለ ጋሽ ታደሰ መጡ። ሪፖርቱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስገባ ፍራይ ወንበር ነበረ?» አሉኝ።

«የት ይገኛል? ሁሉም በኮት ተይዞ! ስንት ጊዜ ነው የምናገረው—»

«ታዲያ ቆሜ ነው የዋልኩት?»

«አይ፣ ኮት አነሡልዎትና ተቀመጡ።»

«ስንት ኮት ነበረ በወንበሮቹ ላይ?»

«እኔ እንጃ፣ ሰባ ይሆናል።»

«እንግዲያው ሌላ ሰባ ሰው ቢመጣ ይቀመጥ ነበር። ፍራይ የለም፣ ፈርፉግባር ግን ሰባ አለ። ማሽኑም የነገረህ ይህንኑ ነው። ባዶ ቦታ ዝም ብሎ ከሚውል፣ ቶሎ ሊፈለግ የሚችለውን ነገር አጠገቡ ያስቀምጥበታል፤ መዝሙራችሁን፣ ሥዕላችሁን። ቦታው ሲፈለግ ራሱ ያነሣዋል። አንተ በየአሥር ደቂቃው እየተነሣህ የሰውን ኮት ሁሉ ሰብስበህ ውጭ ትጥል ነበር።»

«ታዲያ መዝሙሩ ለምን ዘገየ?»

«ኮቱን ፍለጋ ውጭ እየወጣ ነዋ!»

«ሠላሳ ሦስቱስ?»

«እሱ ምናልባት ቢያስፈልገኝ ብሎ ያስመዘገበው ነው እንጂ የያዘው አይደለም። የያዘው ከጎኑ ባለው ዓምድ ላይ ተጽፎ ነበር፣ አንድ ጊጋም አይሞላ።» ይህን ብለው ጎንበስ አሉና ከጠረጴዛው ሥር አንድ ገመድ ጎተቱ። የኢንተርኔቱ ገመድ ነው፣ ተጨፍልቋል። የቆመበት የኔው ወንበር እግር ነው። ባለፈው እሑድ ያንተባተበን እሱ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በተለይ «ምን አስገብተውበት ነው» ስላልኩት። «ግድ የለም» አሉኝ፣ «ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ ከሌለ ይበቃኛል።» አለመኖሩን አረጋገጥኩላቸው። ግን እናንተው ንገሩኝ፤ የማይጠቅመውን ቁጥር ፍራይ ብሎ መሃል ላይ አስቀምጦ፣ የሚጠቅመውን ጫፍ ላይ የሚወሽቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? ጋሽ ታደሰን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ ያንን ሰውዬ ግን ይቅር አላልኩትም።

ከሰዓት በኋላ ራሔል ወደ ሪደርቫልድ ስትሄድ ግማሹ ጉባኤ ተከተላት። መቼም አንድ ሰው ሊጠየቅ ነው ከተባለ እኛ ብቻውን አንሰድም። እኔም ከጋሽ ታደሰ ጋር ከኋላ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ የእትዬ አስካለ በር ተከፍቷል፣ ጫማው እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። ሁለት ክፍል ናት ቤታቸው። አልጋው በኮት ተሸፍኗል፣ ወንበሮቹ በቦርሳ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ሣጥን ሳትቀር ሻርፕ ተጭኖባታል። ጋሽ ታደሰ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ቦታ የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፍሬ ነው።

«ያ በሩ ላይ የቆመው ማነው?» አሉ እትዬ አስካለ። «ያጠፋብኝ ሰውዬ አይደለም?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግድ የለም፣ እዚሁ እሆናለሁ፣ ቦታ የለም።»

«ምን ቦታ የለም ይለኛል ይሄ! አንሡለት ያንን ኮት!»

አነሡልኝ። ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ ከወዲያ ማዶ በዓይናቸው ያዙኝና ወደ ተነሣው ኮት ጠቆሙኝ።

ራሔል ሕፃኗን በእናቷ እቅፍ አስቀመጠች። «እማዬ» አለች፣ «ወርቅነሽ ነው ያልናት።»

ወርቅነሽ የእትዬ አስካለ እናት ስም ነው። ዛሬ ማንም ለልጁ የማያወጣው ስም ነው፤ ይህች ልጅ በፍራንክፈርት መዋዕለ ሕፃናት ለስንቱ አስተማሪ ፊደል በፊደል ስታስረዳ እንደምትኖር አስቡት። እትዬ አስካለ ግን ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ነበር የሚያለቅሱት። እኔም አለቀስኩ። ከሳቸው እኩል፣ በተመሳሳይ ሰከንድ ነበር ስሙን የሰማሁት፤ ከቃሌ የቀረው ይህቺ ብቻ ናት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እትዬ አስካለ ወደኔ ዞሩ። ነገሩን ሰምተዋል ማለት ነው።

«ያ ጎደለ ያልከው ነገር ተገኘ ወይ?»

«አልጎደለም ነበር፣ እትዬ። ሞልቶ ነው።»

እትዬ አስካለ አልጋው ላይ የተከመረውን ኮት፣ እርስ በርሱ የተጨናነቀውን ሰው፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ቀስ ብለው ተመለከቱ።

«እሰይ፣ ይሙላ» አሉ። «ባዶውን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳየው ነው የከረምኩት።»